ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይመጣል

ስልኬ ጮኸ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ነው። የኮንዶሚኒየማችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የድምፅ መልእክት ገብቷል። ሴትዮዋ ቁና ቁና ትተነፍሳለች። ከጀርባዋ የቡና ሲኒ ይንኳኳል። «ወገኖቼ፣ ናሳ የሚሠራ የአክስቴ ልጅ ነው የደወለልኝ። ዛሬ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ 7.9 የመሬት መንቀጥቀጥ ይመጣል። ቤት ውስጥ እንዳትተኙ። ለምትወዱት ሰው ሁሉ ላኩ።»

ልልክ ስል የምወደው ሰው ሁሉ ቀድሞ ልኮልኛል። የማይወዱኝ ሁለት ሰዎችም ልከውልኛል። መቼም ክፉ ቀን ያስታርቃል።

ይህች ጽሑፍ ምስጋና ናት። ለእናንተ፣ ለሌሊቱ ሊቃውንት። ድሮ ነጋሪት ይጎሰምና «ስማ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ይባል ነበር። ነጋሪቱ ቀረ ብለን ስናዝን እናንተ በፎርዋርድ ተካችሁት። በነጋሪቱ ዘመን ቢያንስ ያወጀው ሰው ይታወቅ ነበር። ይህን ጉድለት አስወግዳችሁታል።

ሥራችሁ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ የሚገባው ከሳይንቲስቶቹ ጋር ሲተያይ ነው። የአሜሪካው የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም እሱም ሆነ ሌላ ሳይንቲስት እስከ ዛሬ አንድም ትልቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ቀድሞ ተንብዮ እንደማያውቅ በይፋ ጽፎ አስቀምጧል። ያን ሁሉ መሣሪያ፣ ያን ሁሉ በጀት ይዞ «አልችልም» ይላል። ኧረ ይሉኝታ ይኑር! የኛ ግሩፕ በሰዓት ጥቅል ኢንተርኔት ቀኑን፣ ሰዓቱንና ከነጥብ በኋላ ያለችውን 9 ሳይቀር ይነግረናል።

ደግሞ አነጋገራቸው። ከመስከረም 2017 ጀምሮ የፈንታሌና የዶፈን እሳተ ገሞራዎች አካባቢ መሬት ስትንቀጠቀጥ ተመራማሪዎቹ በሳተላይት ራዳር ነገሩን ተከታተሉ። ሳተላይቱ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሆኖ ያልፋል፣ ከቀናት በኋላ ያንኑ ቦታ ደግሞ ያነሣል። ሁለቱን ምስል ሲያስተያዩ መሬቱ የት ላይ እንዳበጠ፣ የት ላይ እንደሰመጠ በሳንቲ ሜትር ይወጣል። ቅልጥ ዐለት ከታች ቀጥ ብሎ እንደቆመ ስስ ግድግዳ ሆኖ፣ ስንጥቅ እየከፈተ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲሄድ ታያቸው። ይህን ሁሉ አይተው «ይፈነዳል?» ሲባሉ መልሳቸው ምን ሆነ? «ሊፈነዳ ይችላል፣ ላይፈነዳም ይችላል።» ይህን ለማለት ዶክትሬት ያስፈልጋል እንዴ? እናንተ «ሊሆን ይችላል» የሚባል ቃል ከአፋችሁ ወጥቶ አያውቅም።

ለቁጥር ያላችሁ ፍቅርም ይመሰገናል። የካቲት 7 ቀን 2017 በሌሊት የደረሰው መንቀጥቀጥ 6.0 ተመዘገበ። በዚያ ተከታታይ መንቀጥቀጥ ትልቁ እሱ ነበር። የድምፅ መልእክቷ ሴትዮ ግን 7.9 አለች። 1.9 ብቻ ነው የጨመረችው። በዚህ ልኬት ግን አንድ ቁጥር ሲጨምር ጉልበቱ 32 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ሲባዛ 7.9 ማለት የየካቲቱን 700 ጊዜ ያህል ነው። አንድ ሰው ከሶፋው ሳይነሣ፣ ሲኒ በእጁ እንደያዘ፣ የአንድን መንቀጥቀጥ ጉልበት 700 እጥፍ ካሳደገ ስለ ታዳሽ ኃይል ለምን እንጨነቃለን?

«በሬክተር ስኬል» ማለታችሁም ደስ ይለኛል። ባለሙያዎቹ ለትልልቅ መንቀጥቀጦች በሌላ ልኬት መጠቀም ከጀመሩ ከ40 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። እኛ ባለውለታ አንረሳም። ጥልቀቱን ስትተነትኑማ! «10 ኪሎ ሜትር ነው፣ ትላንትም 10 ነበር፣ ዛሬም 10፣ ይኼ ነገር አንድ ቦታ ላይ ቆሟል ማለት ነው።» እንዲህ ያለው ጎረቤቴ ነው። ጣቢያዎቹ ጥልቀቱን በትክክል ማውጣት ሲያቅታቸው በልማድ 10 ብለው እንደሚሞሉት ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ፊቱ ላይ ያለውን እርካታ ሳይ ተውኩት።

ከሁሉም የምትበልጠው ግን ያቺ ጥያቄ ናት። «ተሰማችሁ?» አልጋው ገና እየተወዛወዘ እጅ ወደ ስልክ ይሄዳል። በር አይከፈትም፣ ልጅ አይነሣም፣ ጠረጴዛ ስር አይገባም። መጀመሪያ «ተሰማችሁ?» ይጻፋል። ቀጥሎ የሳሎኑ አምፖል ሲወዛወዝ ይቀረጻል። በዚያች የየካቲት ሌሊት አንድ ወዳጄ አምፖሉ ሳይቀረጽ ቆሞበት በእጁ ገፋ አድርጎ ቀረጸው። 600 ላይክ አገኘ።

ይህ ሁሉ ሲሆን አዋሽ ፈንታሌና ዱለቻ ላይ ቤታቸው የተሰነጠቀባቸው ሰዎች ነበሩ። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ መንግሥት 80,000 ያህል ሰው ከአካባቢው እየተነሣ መሆኑን ተናግሯል። ሸራ ወጥረው፣ ከብታቸውን ይዘው፣ ብርድና አቧራ ላይ። እነሱ አምፖል የላቸውምና የሚቀረጽ ነገር አልነበራቸውም።

«በኢትዮጵያ ታሪክ ታይቶ የማይታወቅ» የሚለው ርእሳችሁም አይረሳም። እውነት ነው፣ ለማያነብ ሰው ታይቶ አይታወቅም። በነሐሴ 1898 ላንጋኖ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን አስደንግጧል። በ1953 በደሴ መንገድ ካራ ቆሬ አካባቢ በደረሰው ማጀቴ የምትባል ከተማ ፈርሳለች። የአዲስ አበባን የጂኦፊዚክስ ጣቢያ ያቋቋሙት ካናዳዊው ቄስ ፒየር ጉዊን የአገሩን የመንቀጥቀጥ ታሪክ በአንድ ወፍራም መጽሐፍ ሰብስበውታል። እሳቸው ያን ያህል ዓመት የለፉት ፎርዋርድ ስላልነበራቸው ነው።

አሁን ወደ ባሕሩ፣ ስምጥ ሸለቆው ተሰንጥቆ ይገባበታል ወደሚባለው። በ2017 ክረምት መግቢያ ላይ ኔቸር ጂኦሳይንስ መጽሔት አንድ ጥናት አወጣ። ተመራማሪዎቹ ከአፋርና ከስምጥ ሸለቆው ከ130 በላይ የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ሰብስበው ኬሚካላቸውን መረመሩ። ከአፋር ስር የሚወጣው ትኩስ ዐለት ዝም ብሎ እንደ ቧንቧ የሚፈስ አይደለም አሉ። እንደ ልብ ይመታል። ምቱም ከላይ ያለው የምድር ቅርፊት እንደሚሳሳበትና እንደሚለጠጥበት ሁኔታ ይለያያል። ቆንጆ ግኝት ነው፣ ለአንድ ሳምንት ቡና ላይ የሚወራ። የኛ ሊቃውንት በአንድ ማታ አሳጠሩት፦ «አፍሪካ ልትሰነጠቅ ነው!!!» ሦስቱ ቃለ አጋኖ የጥናቱ አካል ናቸው።

ሥዕልም አልጎደለም። ኬንያ ሱስዋ አካባቢ በ2018 እ.ኤ.አ. መንገድ የሰነጠቀው ገደል ፎቶው ዛሬም ይዞራል። ያኔ ብዙ የጂኦሎጂ ሰዎች ከባድ ዝናብ የሸረሸረው ጉድጓድ ነው ብለው ተከራክረዋል። ዝናብ ግን ላይክ አያመጣም።

የኛ ስምጥ ሸለቆ የሚሰፋው በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጥፍራችን በወር ተኩል የሚያድገውን ያህል ማለት ነው። በዚህ አካሄድ 1 ኪሎ ሜትር ለመስፋት 200,000 ዓመት ይፈጅበታል። አንዳንዴ ይቸኩላል፣ እሱን አልክድም። በመስከረም 1998 አፋር ዳባሁ ላይ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ስንጥቅ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቅልጥ ዐለት ሞላበትና መሬቱ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። ይህን ያየ ደላላ ቢጓጓ አይፈረድበትም። ባለፈው አንዱ «አዳማ ላይ ቦታ አለ፣ ወደፊት ባሕር ዳርቻ ይሆናል» ብሎኛል። ካርታ አለው ወይ ስለው «ለባሕሩ ነው ለቦታው?» አለኝ።

ኅዳር 14 ቀን 2018 አፋር ውስጥ ያለው የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ደግሞ አዲስ ቁጥር ተገኘ፦ «ከ12,000 ዓመት እንቅልፍ በኋላ ነቃ።» አመዱ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን አድርጎ ሕንድ ገባ፣ በረራ አሰረዘ። የአፍዴራ ሰው ግጦሹ አመድ ለብሶ ከብቱን ምን እንደሚያበላ ጠፋው። 12,000 የሚለው ግን ባለፉት 12,000 ዓመታት ፈነዳ የሚል መዝገብ የለም ማለት ነው። በዚያ በረሃ ቁጭ ብሎ የመዘገበ ሰው አልነበረማ። እናንተ «አልተመዘገበም» የሚለውን «ተኝቶ ነበር» አላችሁት። የቀበሌ ፋይል ቢሆን ይገባን ነበር።

አሁን የዚያችን ሌሊት ልጨርስ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ብሎኩ በሙሉ ጋቢውን ለብሶ ወረደ። ከታች የኮሚቴያችን ሰብሳቢ ባትሪ ይዘው ያስተባብራሉ። የድምፅ መልእክቷን ግሩፑ ላይ የለጠፉት እሳቸው ናቸው። ቤታቸው ምድር ቤት ነው። ባለፈው ዓመት ሳሎናቸው አዲስ ሶፋ አልገባ ሲል ኮለኑን ፌሮው እስኪታይ አስጠርበውታል። ለምርቃቱ ቡና ጠጥተናል፣ «እንኳን አሰፋው» ብለናል። በላያችን አራት ፎቅ አለ።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «ያ ኮለን ነገር ግን መሐንዲስ አይቶታል?»

«አንተ ደግሞ፣ አሁን የኮለን ሰዓት ነው?»

አይደለም። 8 ሰዓት ሊሆን 20 ደቂቃ ነው የቀረው። አገሪቱ መንቀጥቀጥን የሚመለከት የሕንፃ ኮድ ካወጣች 30 ዓመት አልፏታል። በኮለኑ ጫፍና ጫፍ ስታፋው፣ ፌሮውን ዙሪያውን የሚያስረው ብረት፣ ጠበቅ ጠበቅ ይበል ይላል። አንድ ፎርማን ስለዚህ ብጠይቀው «እሱ እኮ ብረት ለማስጨረስ ነው» ብሎኛል። ይህ ጉዳይ በድምፅ መልእክት መጥቶ አያውቅም። የሚመጣበት ሰዓት የለውማ።

8 ሰዓት ሆነ። ዝም። 8 ከሩብ ሆነ። አንድ ውሻ ጮኸና ሁላችንም መሬት መሬቱን አየን። 9 ሰዓት ላይ አንዲት እናት «በጸሎት ነው የተመለሰው» አሉ። ሌላው «በአሜሪካ ሰዓት ይሆናል» አለ። ይህ ሳይንሳዊ ሆኖ ስለተገኘ እስኪነጋ ውጭ እንድንቆይ ተወሰነ።

ሰብሳቢያችን ቪትዛቸውን አስነሥተው ግቢውን ዞሩ። ቦታ መርጠው አቆሙ፣ መቀመጫውን አስተኙ፣ ጋቢያቸውን ተከናነቡ። ያቆሙት ከክረምት ጀምሮ ወደ ውስጥ ያዘመመው የብሎኬት አጥር ስር ነው። በግንድ ደግፈነዋል።

«ጋሼ፣ እዚያ ጋ ይሻላል፣ ሜዳው ላይ» አልኳቸው።

መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አደረጉና «እዚያ ንፋስ አለ» አሉኝ።