ማስተካከያ፦ የ«ለ ሳሙራይ» መክፈቻ ጥቅስ ከጃፓን መጽሐፍ የተወሰደ አይደለም

ስለ ሳሙራይ (የጥንት ጃፓን ጦረኛ) እና ስለ ዘመናዊ የወንጀል ፊልሞች ባወጣነው ጽሑፍ፣ የፈረንሳዊው ዳይሬክተር የዣን ፒየር ሜልቪል ፊልም «ለ ሳሙራይ» (እ.ኤ.አ. 1967) የሚከፈትበት ጥቅስ «ቡሺዶ» ከተባለ ጥንታዊ መጽሐፍ የተቀዳ ነው ተብሎ ነበር። አይደለም። የሳሙራይን ብቸኝነት ከጫካ ነብር ጋር የሚያነጻጽረውን ዓረፍተ ነገር የጻፈው ራሱ ሜልቪል ነው።

ተመልካች ቢያምን አይፈረድበትም። ቅጥረኛ ገዳዩን የሚጫወተው አላን ደሎን አልጋው ላይ ተጋድሞ ያጨሳል፣ በግራጫው ክፍል ውስጥ በሽቦ ጎጆ የተዘጋባት ወፍ ትጮኻለች፣ ጥቅሱም ከነምንጩ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ማን ይጠረጥራል?

እውነተኛ መጽሐፍ የሚነበበው በአሜሪካዊው ዳይሬክተር በጂም ጃርሙሽ ፊልም «ጎስት ዶግ» (እ.ኤ.አ. 1999) ነው። ፎረስት ዊተከር የሚጫወተው ገዳይ ሕይወቱን ላተረፈለት የማፍያ ሰው እንደ ሎሌ ያድራል፤ መልእክቱንም በእርግብ ይልካል። በየመሃሉ የሚጠቀሰው «ሃጋኩሬ» ያማሞቶ ሱኔቶሞ የተባለ ሳሙራይ የተናገረው፣ እ.ኤ.አ. በ1716 ገደማ ተጽፎ ያለቀ ነው። (ሰውየው ጌታው ሲሞት ተከትሎ መሞት ስለተከለከለ መነኮሰ፤ እሱ ራሱ ፊልም ይወጣዋል።)

በዚያው ጽሑፋችን ሁለቱ ፊልሞች ከአንድ መጽሐፍ ቀዱ የተባለውም በዚሁ ይታረም። ጃርሙሽ ከሜልቪል የወሰደው ሌላ ነው፤ ለምሳሌ ገዳዩ ለሥራ ሲወጣ የሚያጠልቀውን ነጭ ጓንት።