ሥራ የላከልህን ሰው መልሰህ ደውልለት

ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ። ከአዲስ አበባ ዳር ባሉት በእነዚህ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች የሚሠራ ባለሙያ ሥራ ከየት እንደሚመጣ ያውቃል። ከሰው ነው የሚመጣው። በብሎኩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ጎበዝ ቀለም ቀቢ ጠቁሙኝ» ተብሎ ይጻፋል። አንዱ ስልክ ቁጥር ይልካል። በማግስቱ ባለሙያው ባልዲውን ይዞ ደረጃ ይወጣል።

የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ ከ51 ሺህ በላይ የ20/80 እና የ40/60 ቤቶች (ገዢው 20 ወይም 40 በመቶውን ቆጥቦ ቀሪውን በባንክ ብድር የሚከፍልባቸው) ዕጣ ወጥቷል። ዕድለኛው የሚረከበው ቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ ያላለቀ ነው። ወለሉ ሴራሚክ ይፈልጋል፤ ግድግዳው ቀለም ይፈልጋል፤ የኪችን ካቢኔት የሚባል ነገር የለም። ሰውየው ከጉለሌ ወይም ከልደታ መጥቶ እዚህ ማንንም አያውቅም። ታዲያ ማንን ይጠይቅ? የግቢውን ጥበቃ ይጠይቃል። የባጃጁን ሹፌር ይጠይቃል። ምድር ቤት ያለችውን ባለሱቅ ይጠይቃል።

ከምኖርበት ብሎክ ሥር ያለችው ባለሱቅ የዱቤ ደብተሯ የመጨረሻ ገጽ በስልክ ቁጥሮች ተሞልቷል። «ቧንቧ»፣ «ጂፕሰም»፣ «የብረት በር» እያለች ጽፋዋለች። ሰው ሲጠይቃት ዳቦ እየጠቀለለች ራሷ ትደውላለች። «ደንበኛ አግኝቼልሃለሁ፤ ቶሎ ና፤ እንዳታሳፍረኝ» ትላለች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን የሚነግራት የለም። ባለሙያው መጣ? ተስማሙ? ሥራው አለቀ? አታውቅም።

አንድ ቀን ሱቋ በር ላይ ቆሜ አንዲት ጎረቤት በንዴት መጣች። መታጠቢያ ቤቷ ውሃ ወደ ታችኛው ፎቅ ያንጠባጥባል። የሠራው ሰው ስልክ አያነሳም። «የኔ እናት፣ አንቺ ነሽ እኮ የላክሽልኝ!» አለቻት። ባለሱቋ አንድ ሳንቲም ያላገኘችበትን ሥራ ይቅርታ ጠየቀች። ከዚያ ሌላ ባለሙያ ለመፈለግ ስልኳን አነሳች።

እኔ ይሄ ያንገበግበኛል። የጠቆመ ሰው ስልክ ቁጥር ብቻ አይደለም የሰጠው። ዋስ ሆኗል። ስሙን አስይዟል። አብሮ በሚኖር፣ ዕድር ላይ በሚገናኝ፣ ለቅሶ ላይ በሚቀመጥ ሰው ፊት «እኔ አውቀዋለሁ» ብሏል። ባለሙያው ነገ ወደ ሌላ ሰፈር ሊሄድ ይችላል። እሷ ግን እዚያው ናት።

ደላላ ሌላ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና በ2013 ዓ.ም. በአዲስ የተተካው የንግድ ሕግ ደላላን ከነጋዴዎች መድቦት ነበር። ሰዎችን አገናኝቶ ማዋዋል ሥራው ነው፤ ውሉ ሲታሰር ክፍያ ይገባዋል። በቤት ሽያጭ ላይ ብዙ ጊዜ 2 በመቶ ይቀበላል፤ ካልተከፈለው ይጠይቃል። የባለሱቋ ጥቆማ ግን የሚጻፍበት ውል የለም። ስለዚህ ሁሉም ነገር በተቀባዩ ሕሊና ላይ ይወድቃል።

ባለሙያዎች፣ ለጠቋሚ ሁሉ በገንዘብ ክፈሉ እያልኩ አይደለም። ሰው ይለያያል። ለግቢ ጥበቃ ክፈሉት። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ የቤት ኪራይ አለበት፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ ማለት አይበቃም። ሥራው እንዳለቀ፣ ገንዘቡ እጃችሁ እንደገባ፣ በዚያው ቀን በቴሌብር ላኩለት። «ሌላ ጊዜ አስብሃለሁ» የሚባለው ነገር መቼም አይታሰብም። በፍቅር ለጠቆመች ጎረቤት ግን ብር መዘርጋት አንዳንዴ ይከብዳል። «ምነው፣ ደላላ አደረግከኝ እንዴ?» ትላለች፤ እውነቷን ነው። ለእሷ መደወል ይበቃል። «የላክሽልኝ ሰው ጋ ሄጄ ነበር፤ ዛሬ ጨረስኩ፤ ተደስተዋል፤ አመሰግናለሁ» ማለት ነው። የራሷ ቧንቧ የተበላሸ ቀን ደግሞ ቀድማችሁ ድረሱላት።

ከገንዘቡ በፊት ወሬው ይቀድማል የምለውም ለዚህ ነው። ሥራው ካልተሳካም ይነገራት። «በዋጋ አልተስማማንም» መባሉ ብቻ ሰውዋን በሌላ ቀን ከመደንገጥ ያድናታል። የላከውን ሰው ውጤት የሚሰማ ደግሞ ሌላም ይልካል። ደጋግሞ ልኮ ምንም ያልሰማ ሰው ሳይጣላ፣ ሳይናገር፣ ዝም ብሎ ማቆሙ አይቀርም። ባለሙያው «ገበያ ቀዘቀዘ» ይላል። ገበያው ግን ወደ ሌላ ሰው ዞሮ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ክፉ ልማድ አለ። ለጠቋሚ የሚሰጠውን ብር ደንበኛው ሳያውቅ ዋጋው ላይ መጨመር። ሴራሚኩን ለማንጠፍ በካሬ የተጠየቀው ዋጋ ውስጥ የሦስተኛ ሰው ድርሻ ተደብቆ ይገባል። ሲታወቅ ጠቋሚዋም ሌባ ትባላለች፤ ምንም ሳታውቅ። የምትሰጡትን ከትርፋችሁ ስጡ። ካልቻላችሁ በግልጽ ተናገሩ።

ደንበኛን «ማን ጠቆመህ?» ብሎ መጠየቅስ ምን ይከብዳል? ብዙ ባለሙያ አይጠይቅም። ለቀብድ ደብተር አለው፤ ለቀሪ ክፍያ ደብተር አለው። ከደንበኛው ስም አጠገብ የላከውን ሰው ስም የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው። ለበዓል ዋዜማ ማንን ማሰብ እንዳለበት ከዚያች አንዲት መስመር ያገኘው ነበር።

እኛ ቤት ያሠራነውም ብንሆን አለንበት። ሥራው ሲበላሽብን ወደ ባለሱቋ እንሮጣለን። ጥሩ ሲሠራልን ግን በሯን አልፈን እንወጣለን። ደህና የሠራ ባለሙያ መኖሩን ካልነገርናት ቀጣዩን ጎረቤት ወደ ማን እንደምትልከው በምን ታውቃለች?