እርማት፦ የተያዘ ፍሬን «እየተለማመደ» አይለቅም

ወንድሜ፣ የፍሬን ሸራ ከቀየርክ በኋላ ጎማው ሲግል «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ወልቂጤ ደርሰህ ስትመለስ ይለቃል» ያሉህን እንዳትሰማ። አዲስ ሸራ ዲስኩን (ከጎማው ጋር የሚዞረውን ክብ ብረት) ትንሽ ቢነካካ ያለ ነው። አንዱ ቸርኬ ብቻ እጅ የማያስጠጋ ሙቀት ካለው ግን ካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ሳይያዝ አይቀርም። እንዲህ ሆኖ ከጅማ ተነስቶ የጊቤን ቁልቁለት መውረድ ቀልድ አይደለም። የፍሬን ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ወለል ይነካል።

መኪናውን በክሪክ አንሳ፣ ከስር ደግፈው፣ ጎማውን በእጅህ አዙር። እምቢ ካለ የካሊፐሩን የአየር ማስወጫ ብሎን ትንሽ አላላው። ዘይቱ ፊጭ ብሎ ጎማው ከተለቀቀ ግፊት ታምቆ ነበር። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ከውስጥ ያበጠ የፍሬን ቱቦ ነው፤ የፊት ሁለቱም ጎማዎች ከተያዙ ግን ዋናውን የፍሬን ፓምፕ ጠርጥር። (ዘይቱ ቀለም ይልጣል፣ ጨርቅ ያዝ።) አየሩን አስወጥተህ ብሎኑን ሳታጠብቅ እንዳትነዳ።

አሁንም ካልተለቀቀ ሸራውን የሚገፋውን ፒስተን ወይም ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸውን ፒኖች እይ። በጅማ ዝናብና ጭቃ ፒን መዛጉ ብርቅ አይደለም። ፒኖቹን አጽድተህ ለፍሬን የተሠራ ሲሊኮን ግሪስ ቀባ። ከነዳጅ ዘይት የሚሠራው ተራ ግሪስ የፒኑን ላስቲክ ያሳብጠውና መልሶ ይይዝሃል።