ባለስልክ ሁሉ ባለውለታችን ነው

ደሴ ውስጥ የራስን ገመና ራስ መሸከም ከቀረ ቆየ። እግዜር ይስጣቸው፣ አላህም ይጨምርላቸው፣ ሸክሙን የሚቀበሉን ልበ ቀናዎች ሞልተዋል። ከፒያሳ ተነስታችሁ ሸዋ በር እስክትደርሱ የት እንደነበራችሁ፣ ከማን ጋር ምሳ እንደበላችሁና ፊታችሁ ለምን እንደከሳ ቲክቶክ ላይ ተጠናቅሮ ይጠብቃችኋል።

ትንሽ ስም ላለው ሰው ደግሞ አገልግሎቱ የተሟላ ነው። አንዲት የሰፈራችን ልጅ አለች። ወጥ እየሠራች፣ በወሎ ዘዬ እየቀለደች ቪዲዮ ትለቃለች። ተከታይ አፈራች። በቃ፣ የሰፈር ቦኖ ሆነች። ስልክ የያዘ ሁሉ ተሰልፎ ይቀዳል።

ሰኞ ገበያ ሽንኩርት ስትገዛ አንዱ ጎረምሳ ስልኩን በእሷና በሻጯ መሃል አስገባ።

«ወንድሜ፣ ባትቀርጸኝ ደስ ይለኛል» አለችው።

«አብሽሪ እህቴ፣ ፊትሽን ብቻ ነው!»

ጨዋነቱን ልብ በሉልኝ። ፊቷን ብቻ! ማምሻውን «ታዋቂዋ በአሥር ብር ተከራከረች» ተብሎ ወጣ። ከሥሩ ሕዝቡ ሂሳብ ያዘ። ይህን ያህል ተከታይ ያላት ሴት በወር ስንት ታገኛለች? ለልጇ ትምህርት ቤት ስንት ትከፍላለች? አንድ ጎረቤቷ የቤት ኪራዩን አልደመራችሁም ብሎ ሂሳቡን አስተካከለላቸው። ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው።

ልጅቷ ግን ውለታ አታውቅም። ሐይቅ ሄዳ ዓሣ ስትበላ የተቀረጸችውን ቪዲዮ የምትለቀው ቤቷ ገብታ፣ ሁለት ቀን አድራ ነው። ታዲያ እኛ በምን ደርሰን እንክበባት? የግቢዋን በር አታሳይም። ልጇን የምትቀርጸው ከጀርባ ነው። የስድብ ቃላት ኮመንት ላይ እንዳይወጡም ዘግታቸዋለች። ስንቱ ሰው እንቅልፉን አጥቶ ያዘጋጀው ስድብ እንዲሁ ሜዳ ላይ ቀረ። በውስጥ መስመርም ከጓደኞቿ በቀር ማንም እንዳይጽፍላት አድርጋለች። ወሎዬ እንዲህ ነበር? ገራገር አልነበርን?

«ራሷ ናት ያወጣችው» የሚለውን ክርክር ማንም አልመለሰልንም። የድስቷን ክዳን የከፈተች ሴት የመኝታ ቤቷን በር ምን አድርጊ ብሏት ትዘጋለች?

ይባስ ብላ ሕግ ማንበብ ጀምራለች አሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ አደባባይ ላይ አይለጠፍም፣ አይባዛም፣ አይሸጥም ይላል። ያኔ ፎቶ ለመነሳት ኮት ተውሶ፣ ትንፋሽ ውጦ ፎቶ ቤት መቆም ነበር። ከፈቃድም አልፎ ልመና ያስፈልገው ነበር። ደግነቱ ቀጥሎ አንቀጽ 28 አለልን። ምስሉን ለማውጣት የሰውየው ታዋቂነት ወይም ሥልጣኑ በቂ ምክንያት ከሆነ፣ ወይም ነገሩ በአደባባይ የተፈጸመ ከሆነ ፈቃድ አያስፈልግም ይላል። የሰፈራችን ሊቃውንት ይህችን አንቀጽ ስበው ስበው ጓሮዋ የተሰጣ ልብሷ ላይ አድርሰዋታል። የታዋቂ ሰው ልብስ ታዋቂ ነው። የልብስ ገመዱም አደባባይ ነው፣ በአጥሩ ቀዳዳ ይታያላ!

ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የሰው የግል ሕይወት ይከበር ብሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጣ። እኔ እስካየሁት ሰፈራችን ውስጥ ላይክ ያደረገው የለም።

ከሁሉ አንጀቴን የበላው ግን ለቅሶ ቤት ያየሁት ትጋት ነው። የልጅቷ አጎት ሞተ። ድንኳን ተጣለ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ፍራሽ ላይ ተቀመጠች። አንዲት ባለስልክ ንፍሮ የሚያዞረውን ልጅ በክርኗ ገፋ አድርጋ ፊቷ ተንበረከከች።

«ነፍስ ይማር እህቴ። እስኪ ትንሽ ወደ ብርሃኑ ዞር በይልኝ፣ እንባሽ አይታይም።»

ልጅቷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። አንድ አባት ከወዲያ ጥግ ምርኩዛቸውን ከፍ አድርገው «ኧረ አንቺ ልጅ፣ ፈጣሪን ፍሪ!» አሉ።

«አባባ፣ እርስዎም ገብተዋል። ቆንጆ ወጥተዋል!» አለቻቸው።

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን አወረዱ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ ብሎ የሚያማቸውም አለ፣ እኔ አላየሁም። ድንኳኑ ሳይነሳ ወሬው ደረሰ፤ «ታዋቂዋ በአጎቷ ሞት አላለቀሰችም!» እንባዋን ብታሳይ ደግሞ «ለቪው አለቀሰች» መባሏ አይቀርም ነበር። ሁለቱንም መንገድ አስቀድሞ ማሰብ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ።

ከሳልስቱ በኋላ የሰፈሩ እናቶች ሊያጽናኗት ቡና አፈሉ። ወሎ ነውና እስላሙም ክርስቲያኑም ተሰባሰበ። ዕጣን ጨሰ፣ ቆሎው ዞረ። አቦሉ ላይ ጤናዋን ጠየቋት። ቶናው ላይ የልጇ አባት የት እንዳለ። በረካው ላይ ቲክቶክ በወር ስንት እንደሚከፍላት።

«እትዬ፣ ይሄ እንኳ ለራሴ ይቅርልኝ» አለች ፈገግ ብላ።

እናቶቹ ተያዩ። አንዷ ሲኒዋን አስቀመጠች። «እኛ ምን አልን? ለልጃችን አስበን እንጂ!»

እንዲህ ያለ ነገር በዱዓ ይበርዳልና አንድ ትልቅ ሴት እጃቸውን ዘረጉ።

«ያ ረቢ፣ ገመናችንን ሸፍንልን!»

«አሚን!»

«ከሰው ዓይን፣ ከሰው አፍ ጠብቀን!»

«አሚን!»

በሩ ሥር የተቀመጠችው ጎረቤት አሚኗ ከሁሉ ይጎላል። ዱዓውን የምትቀበለው ግን በግራ እጇ ብቻ ነው፣ ቀኙ ላይቭ ይዟል።

«አሚን ያላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉ» አለች ወደ ስልኳ ጠጋ ብላ። «አዲስ የገባችሁ፣ አዎ፣ ያለነው እሷ ቤት ነው። ቆይ በሩን ላሳያችሁ።»