የአንዱ ወፍ መብዛት ለሌላው ዋስ አይሆንም

ባለፈው ጥቅምት ከአንኮበር ከተማ በታች፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ጥቂት ዝንጉርጉር ወፎች ከሣሩ ሥር ፍሬ ሲለቅሙ ቆሜ ስመለከት፣ አንድ እረኛ ጠጋ ብሎ «ወፍ እንደሆነ ሞልቷል፣ ጋሼ፤ ምኑን ነው የሚያዩት?» አለኝ። ብዙዎቻችን እንደዚያው ስለምናስብ፣ ሐሳቡ የት ላይ እንደሚያሳስት በሁለት የእስያ ወፎች ላሳይ።

ተራው ማይና ቡናማ ላባና ቢጫ መንቁር ያለው፣ ከመንደር የማይርቅ፣ ያገኘውን የሚበላ ወፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ተባይ ይለቅማል ተብሎ ወደ አውስትራሊያ ተወሰደ፤ ዛሬ ግን የሌሎችን ወፎች ጎጆ እየቀማ ስለሚራባ፣ ከ100ዎቹ የዓለማችን አስከፊ ወራሪ ዝርያዎች ተርታ ተመዝግቧል።

ዘመዱ የባሊ ማይና ከኢንዶኔዥያዋ የባሊ ደሴት በቀር የተፈጥሮ አገር የለውም። ሰውነቱ እንደ ባዘቶ የነጣ፣ የክንፉና የጅራቱ ጫፍ ጥቁር፣ ዓይኑን የከበበው ቆዳ ሰማያዊ ነው። ለጥፋት የዳረገውም ይኸው ውበቱ ነው፤ በሽቦ ቤት ዘግተው ሊያኖሩት የሚመኙ ሰዎች ብዙ ገንዘብ ስለሚከፍሉበት፣ አዳኞች ከዱር ለቅመው ጨረሱት። እ.ኤ.አ. በ1999 የታጠቁ ዘራፊዎች በደሴቲቱ ብሔራዊ ፓርክ ካለው የወፉ ማራቢያ 39 ወፎች ወሰዱ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 በዱር የቀሩት 6 ያህል ብቻ ነበሩ። የተራው ማይና ቁጥር በሚሊዮን መቆጠሩ ለእነዚህ ስድስቱ አንዳች አልፈየደም።

እረኛው የናቃት ትንሽ ወፍ የአንኮበር ሴሪን ልትሆን ትችላለች። ለሳይንስ የታወቀችው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የትም አትገኝም። መልኳ ለነጋዴ አያጓጓም፤ የምትኖርበት ሣራማ ገደል ግን በባሕር ዛፍ ቢሸፈን ወይም በከብት ብዛት ቢራቆት መጠጊያ ታጣለች። ሌሎች የእህል ወፎች ስለሚመስሏትም፣ ብትጠፋ ቶሎ የሚያስተውል እንዳይኖር እሰጋለሁ።

በባሊ አጠገብ ባለችው የኑሳ ፔኒዳ ደሴት፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የባሊ ማይናዎች ወደ ዱር ሲለቀቁ፣ የመንደሩ ሰዎች በራሳቸው ባህላዊ ሕግ ማጥመድን ከለከሉ። ይህ ለሰሜን ሸዋ ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ የመንዝ ሰው ጓሳ የተባለውን የደጋ ሣር ምድር እየከለለ፣ ሣሩን በወቅቱ ብቻ እያጨደ ለዘመናት ጠብቆ ኖሯል። የአንኮበር አፋፍ ገበሬዎችም ባሕር ዛፍ የማይተከልበትን ወሰን በሽማግሌዎቻቸው ፊት ቢያበጁ፣ ከወረዳው የሚጠበቀው ያንን ውሳኔ መዝግቦ ማጽናት ነው።