ገበሩ ነው የጨረሰኝ

ሰው ኮት ሲያሰፋ የሚያየው ላዩን ነው። እኔም እንደዚያው። ለወንድሜ ሰርግ ብዬ ከድሬ ሐረር፣ ልብስ ሰፊዎቹ ያሉበት መኪና ግርግር ወጣሁ። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። የላዩን ጨርቅ ስመርጥ አንድ ሰዓት ፈጀሁ። ገበሩን ግን «አንተ ጥሩውን አድርግልኝ» ብዬ ተውኩት። አይ ሞኝነት!

እዚያው ስሞክረው ልክክ አለ። ሐረር ምን አለበት፣ ቀዝቀዝ ይላል። ድሬ ወርጄ ከዚራ ላይ ባጃጅ ስጠብቅ ግን ገበሩ ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ። ፌስታል የለበስኩ ነው የመሰለኝ። ላውልቀው ስል የእጅጌው ገበር ከክንዴ ጋር ተገልብጦ ወጣ። በሰርጉ ፎቶ ሁሉም ይስቃል፣ እኔ ግንባሬን እጠርጋለሁ።

ቤት ገብቼ ከገበሩ ጫፍ ክር መዘዝኩና ክብሪት ጫርኩበት። ቀለጠ፤ ከዚያ ጠቁሮ እንደ ዶቃ ጠጠረ። ፖሊስተር፣ የፕላስቲክ ዘር! ከእንጨት የሚሠራው ቪስኮስ ቢሆን እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆን ነበር። ላብም ይመጥ ነበር። ለድሬ ሙቀት እኮ ጀርባው ላይ ግማሽ ገበር፣ እጅጌው ላይ የሚያንሸራትት ቪስኮስ ይበቃል። ይህን ማን ነገረኝ? ማንም።

ሰፊውን ብጠይቀው «ያብለጨልጫል እኮ ወንድሜ!» አለኝ። ውስጡን ማን ያይልኛል? ገበሩ ይቀየር ካልኩ ደግሞ ኮቱ ይፈታል፣ የእጅ ዋጋው እንደገና ነው።

አሁን በር ጀርባ ተሰቅሏል። እውነትም ያብለጨልጫል።