ከሙሉ ባንድ ጋር

ቅዳሜ ሲደርስ ደብረ ብርሃን ውስጥ ከአንዳንድ ቤት በር ላይ አንድ ወረቀት ይለጠፋል። «ዛሬ ማታ ከሙሉ ባንድ ጋር!» ይላል። ሙሉው ባንድ ስንት ሰው እንደሆነ ግን አይናገርም። ገብቶ መቁጠር ነው።

ባለፈው ኅዳር አንድ ወዳጄ ከአዲስ አበባ መጣ። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እሱ ግን «ገጠር ወረድኩ» ነው የሚለው፤ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ እየወጣ። የለበሳት ጃኬት ስስ ናት። «እዚህ ደግሞ ባንድ አለ እንዴ?» አለኝ። ጋቢዬን ደረብኩና ይዤው ወጣሁ።

መጀመሪያ የገባነው ባህል ቤት ነው። አስተናጋጇ መጥታ «ቢራው ቀዝቃዛ ይሁን ኖርማል?» አለች። ወዳጄ «ኖርማል» አላት። ያልነገርኩት ነገር ቢኖር በኅዳር ሌሊት እኛ ጋ ኖርማሉም ጥርስ ያማል።

አዝማሪው የማሲንቆውን ጭራ ሙጫ እያስነካ ቤቱን በዓይኑ ይዞራል። አዝማሪ የሚያስፈራው ሲዘፍን ሳይሆን እንዲህ ዝም ብሎ ሲያይ ነው። ከጫማህ ጀምሮ ያነብሃል። ማን ከፋይ፣ ማን ለፍላፊ፣ ማን ተበድሮ የመጣ እንደሆነ ገና ክሩን ሳይነካ ጨርሶታል። በየጠረጴዛው እያሞገሰ፣ ብር እየተቀበለ እኛ ጋ ደረሰ። ወዳጄ ሁለት እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ይንቀጠቀጣል። አዝማሪው ጎንበስ ብሎ ካየው በኋላ፣

«ብርድ ልብስ ፋብሪካ ከደጁ ተተክሎ፣
እጁ ኪስ ውስጥ ቀረ ይበርደኛል ብሎ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዲት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እስኪያለቅሱ ሳቁ። ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ከተማ መሆኗን ለማያውቅ እንግዳ ይህን ማስረዳት ጣጣ ነው። ወዳጄ ግን ማብራሪያ አልፈለገም። ቋጣሪ መባሉ በሚገባ ገብቶታል። ሃምሳ ብር አወጣ። ረፍዷል፤ አዝማሪው ሌላ ጠረጴዛ ላይ ነው።

«ሌላ ቤት እንሂድ» አለኝ ፊቱን ቋጥሮ።

መንገድ ላይ ውርጩ ጆሮ ይቆርጣል። በደርግ ጊዜ በሰዓት እላፊው ምክንያት አዲስ አበባ ሙዚቃ ቤት ገብቶ የመሸበት ሰው እስኪነጋ እዚያው ያድር ነበር ይባላል። ባንዶቹም ሌሊቱን ሙሉ ይጫወቱ ነበር። እኛ ጋ ሰዓት እላፊውን የሚያውጀው ብርዱ ነው። ሰው የሚያመሸው ሙዚቃው በልጦበት እንዳይመስልህ። መውጣት ፈርቶ ነው።

ሁለተኛው ቤት ወረቀቱ የተለጠፈበት ነው። ገባንና ቆጠርን። አንድ ኪቦርድ ተጫዋች፣ አንድ ድምፃዊ። አለቀ።

ወዳጄ ነፍሱ መለስ አለች። የሚያማርረው ሲያገኝ ብርዱን ይረሳል። «ይሄ ባንድ ነው?» አለና የሀገራችንን የባንድ ታሪክ ይተርክልኝ ጀመር። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸውን የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ የማርሹን ባንድ፣ ቀጥሎ ክቡር ዘበኛን፣ ዋሊያስን፣ ሮሃን። «አርባ ልጆች ነው የሚባሉት! አርባ ነበሩ!» ይለኛል እየጮኸ። እኔ መድረኩን አያለሁ። ሁለት ናቸው።

ግን ሁለቱ የዋዛ አይደሉም። ኪቦርድ ተጫዋቹ የጣቶቹ ጫፍ የተቆረጠ ጓንት አድርጓል። አንዷን ቁልፍ ሲጫን ከበሮ ይመጣል፣ ሌላዋን ሲጫን ሳክስፎን ይነፋል። ከጎጃም ወደ ወላይታ በአንድ ጣት ይሻገራል። የየሀገሩ ልጅ ተራው እስኪደርስ ቢራውን ይዞ ይጠብቃል። የወላይታው ምት ሲመጣ ግን ተራ የሚባል ነገር ይቀራል፤ ቤቱ በሙሉ ይነሳል። የመንዝ ተራ ሲደርስ ደግሞ ጥግ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡ አባት ብድግ አሉ። ጋቢውን እዚያው ወንበሩ ላይ ጥለው ትከሻቸውን ለቀቁት። ከዚያ በኋላ ስለ ባንዱ ቁጥር ያነሳ የለም፤ ወዳጄም ጭምር።

ሽልማት ተጀመረ። እዚህ ላይ የደጋ ችግር አለ። ቆላ ቢሆን ዘፋኙ ያልበዋል፣ ብሩ ግንባሩ ላይ ይለጠፋል። እኛ ጋ ግንባር ደረቅ ነው። ብሩ ይወድቃል። ሸላሚው ጎንበስ ብሎ ያነሳል፣ እንደገና ይለጥፋል፣ እንደገና ይወድቃል። የአገሩ ሰው ስለለመደው ኮሌታ ውስጥ ሻጥ አድርጎ ይመለሳል። ወዳጄ ግን የአዝማሪው ነገር ከሆዱ አልወጣም። ሄዶ ባለ መቶውን ሦስት ጊዜ ለጠፈ፣ ሦስት ጊዜ ለቀመ። ሁሉም ሰው ሦስት መቶ የሰጠ መሰለው።

በማይክሮፎን የሚሰጥ ማዕረግ ደግሞ ታሪፍ አለው። ሃምሳ ለሰጠ «ወንድማችን»። መቶ ለሰጠ «የጥበብ አፍቃሪው»። ከዚያ በላይ ከሆነ ዩኒቨርሲቲ መግባት ሳያስፈልግ ያስመርቃሉ። ድምፃዊው ወዳጄን ስሙን ጠየቀውና፣ «ከአዲስ አበባ ድረስ እኛን ብለው ለመጡት ለኢንጂነር…» ብሎ በረጅሙ ዘለቀ።

ወዳጄ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ያርማል ብዬ ጠበቅኩ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ።

በማግስቱ አዲስ አበባ እንደገባ ደወለ። ስለ ብርዱም ስለ ኪቦርዱም ያለው ነገር የለም። «ስሜ ሲጠራ ቀርጸሃል አይደል? ላክልኝ» ብቻ አለኝ። ላክሁለት። ማታውን ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። ሥሩ ላይ አንዲት አክስቱ «መቼ ተመረቅክ ልጄ? እንኳን ደስ ያለህ!» ብለው ጽፈዋል።

«አሜን፣ እቴትዬ» ብሎ መልሷል።